ያጠፋሁት እኔ ነኝ

ጠበቃ ሲደክመው መጀመሪያ የሚደክመው ጆሮው ነው። አፉማ መቼ ይደክማል! እንቅልፍ ሳይተኛም፣ ቁርስ ሳይቀምስም መናገር ይችላል። የእኔ ጆሮ የደከመበትን ቀን አላውቀውም። መድከሙን ያወቅኩበትን ጠዋት ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ነገሩ የሆነው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት መጀመሪያ ላይ ነው። ያኔ አርባ አንድ ዓመቴ ነበር። ቢሮዬ ፋርመርስ ብራንች በምትባል ከተማ ውስጥ ከአንድ የሴራሚክ መጋዘን ጎን የተለጠፈች ሁለት ክፍል ነበረች፤ የዕቃ ማንሻ መኪናው፣ ፎርክሊፍቱ፣ ወደ ኋላ በሄደ ቁጥር የሚያሰማው ጢጥ ጢጥ ቀኑን ሙሉ ጆሮዬ ላይ ይውላል። ሥራዬ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወንጀል ነው፤ ጠጥቶ ከመንዳት ጀምሮ እስከ ከባድ ከባዱ። ሁለተኛው የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ የታክሲ ነጂው፣ የነርሷ፣ የባለ ምግብ ቤቱ ፈቃድ ሲታገድ መንግሥት ፊት ቆሞ መከራከር። እዚህ አገር የተከሰሰ ሰው ፈቃዱም አብሮት ስለሚከሰስ፣ የአገሬ ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለቱንም አዝሎ ነው የሚመጣው።

ስጀምር እሳት ነበርኩ። ለአንዲት የትራፊክ ቲኬት ሦስት ቀን መጽሐፍ አገላብጥ ነበር። ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላ ግን አሳምሬ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ቀረ፤ መደራደር። ዓቃቤ ሕጉ ከክሱ ትንሽ ይቀንሳል፣ ደንበኛዬ ጥፋቱን ያምናል፣ ዳኛው ይፈርማል፣ ሁላችንም ወደ ምሳችን እንሄዳለን። አትፍረዱብኝ፤ በዚህ መንገድ ብዙ ሰው ከእስር አድኛለሁ። ችግሩ፣ ውሎ አድሮ ፋይሉን የምከፍተው ለመደራደር ብቻ መሆኑ ነው።

እትዬ ዘሃራን ወደ ቢሮዬ ያመጣቸው የወንድማቸው ልጅ ሙስጠፋ ነው። ሙስጠፋ ከኤርፖርት ታክሲ ይሠራል። ቀደም ብሎ ፈቃዱን ሊቀሙት ሲሉ ያስመለስኩለት እኔ ስለሆንኩ፣ የማልችለው ነገር ያለ አይመስለውም።

“እህት ራሔል፣ አክስቴ ላይ ኬዝ ከፍተውባታል። ሲሪየስ ነው። ማለቴ፣ ጄይል ሁሉ አለበት እያሉን ነው” አለኝ በስልክ።

በማግስቱ ይዟቸው መጣ። እትዬ ዘሃራ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ናቸው፤ የወሎ ሰው፣ ደሴ ተወልደው ያደጉ። ጋርላንድ ከተማ ከሙስጠፋ ቤተሰብ ጋር ይኖራሉ። ማኪኒ ከተማ ባለ አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ሰባት ዓመት ሠርተዋል፤ አሮጊቶቹን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው ሥራቸው። እንግሊዝኛቸው ለዚያ የምትበቃ ናት፤ “ሲት ዳውን ማማ፣ ኢት ማማ፣ ኦኬ ማማ።” ከእሷ ካለፈ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ።

ክሱ እንዲህ ነው። እትዬ ዘሃራ ከሚንከባከቧቸው መካከል ሚስ ዶሪስ የምትባል የሰማንያ ሰባት ዓመት አሮጊት ነበረች። መራመድ ስለሚያዳግታት አልጋዋ ላይ አላርም ተገጥሞላታል፤ ከፍራሹ ብድግ ስትል ይጮሃል፣ ሠራተኛ ሮጦ ይደርሳል። አንድ ቀን ጠዋት በቁርስ ሰዓት ሚስ ዶሪስ ተነሣች፣ አላርሙ አልጮኸም፣ ወደቀች፣ የዳሌ አጥንቷ ተሰበረ። አላርሙ ጠፍቶ ተገኘ። መርማሪ መጣ፣ በስልክ አስተርጓሚ ተደወለ፣ የእትዬ ዘሃራ ቃል ተቀዳ። በእንግሊዝኛ ተገልብጦ የደረሰኝ ወረቀት ላይ ዋናው ቃላቸው ሁለት መስመር ነበር፦ “አላርሙን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እመለሳለሁ ብያት ሳልመለስ ቀረሁ።”

ይህን ካነበብኩ በኋላ የምጠይቀው ብዙ አልነበረም። ያም ሆኖ ጠየቅኩ፤ በአማርኛ ነው የጠየቅኳቸው። ይህን ልብ በሉልኝ።

“እትዬ ዘሃራ፣ ለእኔ እውነቱን ይንገሩኝ። ያጠፉት እርስዎ ነዎት አይደል?”

እጃቸውን ጭናቸው ላይ አጣጥፈው አቀረቀሩ። “አዎ ልጄ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።”

እኔም ዝም ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ በኋላ ያሉት አራት ወራት የተለመዱት ናቸው። ከዓቃቤ ሕጓ ጋር ስንጎትት ከርመን ስምምነት ላይ ደረስን። እትዬ ዘሃራ ጥፋታቸውን ችሎት ፊት ካመኑ እስር ቀርቶ በሁለት ዓመት ፕሮቤሽን፣ ውጭ ሆኖ በሚደረግ ክትትል፣ ያልቃል። ካላመኑና ከተረቱ ግን ዓመታት ሊታሰሩ ይችላሉ። የስምምነቱ ዋጋ ደግሞ ቀላል አልነበረም። ሁለተኛ አረጋዊ አጠገብ አይሠሩም፣ ስማቸው ሕመምተኛ በጎዱ ሰዎች መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ግሪን ካርዳቸውም ላይ ጣጣ ሊያመጣ ይችላል። ግሪን ካርዱን “በኋላ እናየዋለን” ብዬ አለፍኩት። “በኋላ እናየዋለን” የደከመው ጠበቃ ጸሎት ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቀን፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ወረቀቱን ሊፈርሙ ቢሮዬ መጡ። ስምንት ገጽ ነው። ቃል በቃል በአማርኛ ልነግራቸው ይገባ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ገጾች ነገርኳቸው። የጥፋቱ ዝርዝር ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ ግን ስልኬ ጮኸ፣ አነጋገርኩ፣ ስመለስ ጉሮሮዬ ደርቆ ነበር።

“ይኼ ያው የምናውቀው ነው” አልኳቸው። “ያደረጉትን ነው የሚለው።”

“አንቺ ካልሽ እሺ” ብለው እስኪርቢቶውን አነሡ። ከዚያ ሳይፈርሙ ቀና አሉና፣ “ልጄ፣ አሮጊቶቹን ከእንግዲህ አላያቸውም?” ብለው ጠየቁኝ።

“አይችሉም እትዬ ዘሃራ።”

“ሚስ ዶሪስንም? ሄጄ ይቅር በይኝ እንኳ አልላት?”

“በፍጹም። አጠገቧ ከደረሱ ዳኛው ያስርዎታል።”

“እስቲ አሁን፣ ይቅርታ የሚከለክል ሕግ!” አሉና ፈረሙ። ሙስጠፋ ከኋላቸው ቆሞ ጣራውን ያያል። እኔ የማየው ሰዓቴን ነበር፤ ሰባ አምስት ቁጥር አውራ ጎዳና ከመጨናነቁ በፊት መውጣት ፈልጌ ነው። ያን ዕለት የነበረኝን ሐሳብ ሳልደብቅ ልንገራችሁ፤ አንድ ፋይል ተዘጋ ነው ያልኩት።

ሐሙስ ጠዋት ማኪኒ ፍርድ ቤት ተገናኘን። ንፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ሙስጠፋ ታክሲውን ፓርክ አድርጎ እዚያው ቀረ፤ “እኔ ገብቼ ማየት አልችልም፣ ስትጨርሱ ኮል አድርጊልኝ” አለኝ። እትዬ ዘሃራ ጥቁር ቀሚስና ነጭ ሻሽ አድርገው፣ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ከችሎቱ በር አጠገብ ባለው አግዳሚ ተቀመጡ። እኔም ከጎናቸው። ተራችን ሩቅ ነበር። አንድ ሰዓት ጠበቅን፣ ሁለተኛውም ሰዓት ተጋመሰ። ሲጨንቃቸው የመቁጠሪያቸው ጠጠር ቀስ እያለ ሲያልፍ ይሰማኛል።

ዳኛው ለሃያ ደቂቃ ዕረፍት ወጡ። የችሎቱ ፖሊስ በሩ ላይ ብቅ አለና፣ ስንመለስ ስልኩ የሚጮህበት ሰው ስልኩን ዳግመኛ አያየውም ብሎ አስጠነቀቀ። ለእትዬ ዘሃራ ነገርኳቸው። ቦርሳቸውን ከፍተው በመሐረብ የተጠቀለለች ታጣፊ ስልክ አወጡና ሰጡኝ።

“እንቺ ልጄ፣ አጥፊልኝ። እኔ ማጥፋቱን አላውቅበትም።”

“ሁልጊዜ ማን ያጠፋልዎታል ታዲያ?”

“ሙስጠፋ ነዋ። እኔ ቁልፍ ነገር አልነካም፤ አንዱን ስነካ ሌላው ይበላሻል። ሥራ ቤትም የሚጮህ ነገር ሲኖር ያቺን አብራኝ የምትሠራውን ፊሊፒኗን ነው የምጠራት።”

ድካም ሰውን ቀልደኛ ያደርገዋል። ስልኩን እያጠፋሁ፣ “ስልክ ማጥፋት የማይችሉ ሴትዮ አላርሙን እንዴት አድርገው አጠፉት?” አልኳቸው ፈገግ ብዬ።

“የቱን አላርም?”

“የሚስ ዶሪስን ነዋ።”

“እኔ?” አሉ ዘወር ብለው። “እሱን እኔ መች ነካሁትና! ወላሂ፣ የት በኩል እንደሚከፈትም አላውቅ።”

ፈገግታዬ ፊቴ ላይ ደርቆ ቀረ። “እትዬ ዘሃራ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለውኛል እኮ። ቢሮዬ፣ የመጀመሪያው ቀን።”

“አዎ፣ አጥፍቻለሁ። መች ካድኩ?” ድምፃቸው ሰለል አለ። “ጸጉሬን አበጥሪልኝ ብላኝ፣ አሁን እመለሳለሁ ማማ ብያት ወጣሁ። ከፊት ለፊቷ ያለው ሽማግሌ ምግቡ ትን ብሎት እሱን ስል ቆየሁ። እሷ ጠበቀችኝ፣ ጠበቀችኝ፣ ስቀርባት ጊዜ ማበጠሪያዋን ልታመጣ ተነሣች። እመለሳለሁ ብዬ ቀረሁ እኮ ልጄ! ከዚህ በላይ ምን ጥፋት አለ?”

አንባቢዎቼ፣ እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኔ በአማርኛ አፌን የፈታሁ ሴት፣ የሕግ ዲግሪ ግድግዳዬ ላይ የሰቀልኩ ሴት፣ አራት ወር ሙሉ አልገባኝም ነበር። መብራት ይጠፋል፣ ስልክ ይጠፋል፤ ሰውም ያጠፋል። እኔ እንግሊዝኛውን አንብቤ ስለ ቁልፍ ጠየቅኳቸው፣ እሳቸው ስለ ቃላቸው መለሱልኝ። ሁለታችንም በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ቃል፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ተላለፍን።

የባሰው ገና መምጣቱ ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ችሎት ፊት ሲቆሙ የሚጠየቁት ምንድን ነው? አስተርጓሚው “ጥፋተኛ ነዎት ወይስ አይደሉም?” ይላቸዋል። እሳቸውም ከልባቸው፣ እንባቸው እየወረደ፣ “ጥፋተኛ ነኝ” ይላሉ። ዳኛው እንዲህ ያለ ቅን ጥፋተኛ አይቼ አላውቅም ብለው ይፈርማሉ። እኔም ለምሳ እደርሳለሁ።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ለጥቂት ጊዜ፣ ምናልባት በእትዬ ዘሃራ መቁጠሪያ ሦስት ጠጠር እስኪያልፍ፣ ዝም ልበል አልኩ። ወረቀቱ ተፈርሟል። ስምምነቱን ካፈረስኩት ዓቃቤ ሕጓ ዳግመኛ ላታቀርበው ትችላለች፤ ያኔ እስር የሚመጣው በእኔ ነው። ዳኛው ይቆጡኛል። ቃላቸው ተቀድቷል፤ “ቋንቋ ነው” ብዬ ማንን አሳምናለሁ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ይህን ሁሉ አሰብኩና ከሁሉም በላይ የተሰማኝ ድካም ነበር፤ ያለቀን ነገር እንደገና ከሀ የመጀመር ድካም።

ከዚያ ቅጂው ትዝ አለኝ። የምርመራው ድምፅ ያለበት ሲዲ ከወረቀቱ ጋር ተልኮልኝ ነበር። ቦርሳዬን ከፍቼ ፋይሉን አገላበጥኩ። ሲዲው በኋላኛው ኪስ ውስጥ ነው። የታሸገበት ላስቲክ አልተቀደደም።

አራት ወር ሙሉ አልከፈትኩትም። በእንግሊዝኛ የተጻፈ እያለ በአማርኛ ማን ይሰማል?

“ይነሡ እትዬ ዘሃራ” አልኳቸው። “ሙስጠፋ መኪና ውስጥ ሲዲ ማጫወቻ አለው?”

“አለው፤ መንዙማ የሚሰማበት።”

ወደ መኪና ማቆሚያው በሩጫ ነው የሄድነው። ሙስጠፋ ሲያየን ደነገጠ። “ምንድን ነው? አለቀ እንዴ? ሶ፣ ምን አሉ?”

“ገና ነው። ቁልፉን ስጠኝና አንተ ውጣ።”

“ዋይ? የራሴ ታክሲ እኮ ነው!”

“የጠበቃና የደንበኛ ወሬ ነው፤ ሦስተኛ ሰው አይሰማም። ውጣ ሙስጠፋ፣ ጊዜ የለኝም።”

ወጣ። እጁን ኪሱ ከቶ፣ ትከሻውን ሰብስቦ፣ በመስኮቱ እያየን ንፋሱ ውስጥ ቆመ። ላስቲኩን በጥርሴ ቀደድኩትና ሲዲውን ከተትኩ።

መጀመሪያ የመርማሪው ድምፅ መጣ፤ ስም፣ አድራሻ፣ የሥራ ዘመን። አስተርጓሚው እዚህ ያደገ ወጣት መሆኑ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፤ ‘ጠ’ እና ‘ተ’ አፉ ውስጥ አንድ ናቸው፣ እትዬ ዘሃራንም አንቺ ይላቸዋል። አልፈርድበትም፤ የሚችለውን ያህል ይሠራል። ከዚያ መርማሪው በእንግሊዝኛ፣ አልጋው ላይ ስላለው አላርም ምን እንዳደረገች ጠይቃት አለው።

“ስለ አላርሙ፣ ሶ፣ ምን አደረግሽ ነው የሚለው።”

“ኧረ ተወኝ ልጄ” የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ነው፤ እያለቀሱ። “አጥፍቻለሁ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። እመለሳለሁ ብያት ቀረሁ።”

ከዚያ ዝምታ። ረጅም ዝምታ። ወረቀቱ ላይ የሌለ ዝምታ። ከዚያ በኋላ ነው አስተርጓሚው እኔ ያነበብኳቸውን ሁለት መስመሮች በእንግሊዝኛ የተናገረው።

ሲዲውን አቆምኩት። ጎኔ የተቀመጡት እትዬ ዘሃራ ማጫወቻውን ትክ ብለው እያዩ፣ “እዚህ ጋ ጠብቄው ነበር” አሉ።

“ምኑን?”

“ምን አጠፉ ይለኛል ብዬ ነዋ። ኧረ ምንም አላጠፉም፣ ምን ሆነው ነው፣ ይለኛል ብዬ። ከዚያ እነግረዋለሁ ብዬ። ዝም ሲለኝ ጊዜ፣ ለካ የማይነሣ ነገር ነው ያጠፋሁት አልኩ።” ሻሻቸውን አስተካከሉ። “ቢሮሽ መጥቼ ስነግርሽ አንቺም ዝም አልሽ።”

እናንተ ታውቁታላችሁ። እኛ ዘንድ “አጥፍቻለሁ” የነገር መግቢያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። አንዱ “አጥፍቻለሁ” ይላል፣ ሌላው “ኧረ ምን አጠፋህ!” ይላል፣ ከዚያ ተቀምጦ ነገሩ ይወራል፣ ጥፋቱ ይመዘናል፣ አንዳንዴም የሌላ ሰው ሆኖ ይገኛል። ቅድሚያ ጥፋትን ወደ ራስ መውሰድ የጨዋ ደንብ ነው። እትዬ ዘሃራ ደንባቸውን አደረሱ። መላሽ ነው የጠፋው። አስተርጓሚው ልጅ ነው፣ አያውቅም። እኔ ግን አውቅ ነበር! ማወቄን ነው የረሳሁት።

የቀረን ሰባት ደቂቃ ነበር። ተመልሰን ገባንና ዓቃቤ ሕጓን በሩ ላይ ያዝኳት። የእኔኑ ያህል የደከመች ሴት ናት፤ የፋይል ክምር በክንዷ ታቅፋለች።

“ደንበኛዬ ጥፋተኝነቷን ማመን አትችልም” አልኳት። “አላደረገችውም።”

“ተቀድታ አይደል እንዴ? ራሷ ናት የተናገረችው።”

“የተናገረችው ሌላ ነው፤ የተጻፈው ሌላ ነው። ቃሉ በእኛ ቋንቋ ሁለት ትርጉም አለው።”

“አራት ወር ከተደራደርን በኋላ? ዛሬ?” ብላ አየችኝ። “አንቺ እኮ ቋንቋውን ትችያለሽ።”

ያቺ ዓረፍተ ነገር አጥንቴ ድረስ ነው የገባችው። “እችላለሁ” አልኳት። “ግን አልሰማሁትም ነበር። ዛሬ ነው የሰማሁት።”

ስምምነቱ ዛሬ ካልተፈጸመ እንደሌለ ይቆጠራል አለችኝ። እንደዚያ ይሁን አልኳት። ችሎት ስንጠራ ቀርቤ ለዳኛው ተመሳሳዩን ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው፣ የተፈረመው ወረቀት ላይ ጣታቸውን አድርገው፣ “ጠበቃ፣ ይህን ለደንበኛሽ አንብቤላታለሁ ብለሽ ፈርመሻል” አሉኝ።

“ፈርሜያለሁ፣ ክቡር ዳኛ። ሁሉንም አላነበብኩላትም። ስህተቱ የእኔ ነው።”

እትዬ ዘሃራ እንግሊዝኛው ባይገባቸውም ፊቴን አይተው ክንዴን ያዙኝ። ዳኛው የሚገባኝን ያህል ተቆጡኝ፣ ለሌላ ቀን ቀጠሩን፣ ቃሉም ፈቃድ ባለው ተርጓሚ እንደገና ይተርጎም ብለው አዘዙ።

የተከተለውን ላሳጥር። አዲሱ ተርጓሚ እኔ የሰማሁትን ሰማ። ስለ አላርሙም እኔ ከመጀመሪያው ልጠይቀው የሚገባኝን ጠየቅኩ፤ የመሣሪያው መዝገብ ሲመረመር ያን ጠዋት ሳይሆን ገና በዋዜማው፣ እትዬ ዘሃራ ሥራ ሳይገቡ፣ ጠፍቶ የነበረ ሆኖ ተገኘ። አንሶላ ሲቀየር ነው፣ ሲጸዳ ነው፣ ማን እንዳጠፋው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ግንቦት ላይ ክሱ ተሠረዘ። የሥራ ፈቃዳቸው ጉዳይም ትንሽ ቆይቶ ተዘጋ።

እኔ ጥብቅናውን አልተውኩም። ድካሙም አልለቀቀኝም፤ ተአምር አልነግራችሁም። ነገር ግን ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ያልሰማሁትን ቅጂ በወረቀት አምኜ አላውቅም። ሰው “አጥፍቻለሁ” ሲለኝ “ምኑን?” እላለሁ፤ ይህች አንድ ቃል ስንት ነገር እንዳወጣችልኝ! አንድ ቅዳሜ ደግሞ የተዘጉ ፋይሎቼን አውርጄ በአማርኛ ቃላቸውን የሰጡ ደንበኞቼን ፈለግኩ። ላስቲካቸው ያልተቀደደ ሌሎች ሲዲዎች ነበሩ። ቁጭ ብዬ ሰማኋቸው። አብዛኞቹ ወረቀቱ እንደሚለው ናቸው። የአንዱ ሰውዬ ድምፅ ግን ጥርት ብሎ አይሰማም፤ ደጋግሜ ብሰማውም ምን እንዳለ አልለየሁትም። ሰውዬው ፕሮቤሽኑን ጨርሶ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ሄዷል፣ ስልኩም አይሠራም። እሱ እስከ ዛሬ ከእኔ ጋር አለ።

እናንተም ጠበቃ፣ ሐኪም፣ አስተርጓሚ ሆናችሁ የሰው ቃል በእጃችሁ የሚያልፍ ከሆነ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ቃሉን ከባለቤቱ አፍ ስሙት። ቋንቋውን እችላለሁ አትበሉ፤ እኔም እችል ነበር።

ክሱ በተሠረዘበት ቀን ከፍርድ ቤቱ ስንወጣ ሙስጠፋ በደስታ ሊያብድ ነው፤ ለሁሉም ሰው ኮል ያደርጋል። እትዬ ዘሃራ ግን በቀጥታ ወደ ሚስ ዶሪስ ውሰዱኝ አሉ። አሁን የሚከለክል የለም። ወደ መኖሪያው ደወልኩ። ሚስ ዶሪስ ከሁለት ሳምንት በፊት አርፋለች።

ስነግራቸው አላለቀሱም። የመኪና ማቆሚያው ጠርዝ ላይ ቁጭ አሉ። እኔም በሱፍ ልብሴ አጠገባቸው አስፋልቱ ላይ ተቀመጥኩ። ወራት ሙሉ ልነግራቸው ስል የተውኩትን ያኔ አወጣሁት።

“እትዬ ዘሃራ፣ አጥፍቻለሁ።”

አሁን የሚሉትን አውቀዋለሁ፤ “ኧረ ምን አጠፋሽ ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ኖሮ!” ነው። ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ዝም አሉ፤ ያን የሲዲውን ዝምታ ያህል ዝም አሉ። ከዚያ ጉልበቴን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

“አዎ” አሉኝ። “አጥፍተሻል። አንቺስ ታድለሽ፣ ለባለቤቱ ነገርሽ።”